ሰው በአንድ አንቀጽ አያልቅም

ይህ ለተማሪዎች በተዘጋጀ የንባብ መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት የቃላት እርማት ብቻ አድርጌ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ?

እግዜር ይስጥልኝ። በእረፍት ቀናችሁ፣ ያውም በጠዋት፣ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት መጥታችኋል። ይህን ውለታ አልረሳውም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ዘመን ተሻጋሪ ልብ ወለዶች ለዛሬ ተማሪ ምን ይጠቅማሉ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድሮ የሞተ ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፈውን አምስት መቶ ገጽ ለምን ላንብብ? ፈተና አለብኝ። አሳይመንት አለብኝ። ታሪኩን ደግሞ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ይነግረኛል። ታዲያ ለምን?

ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ሰነፍ አይደለም። መልስ ይገባዋል። እኔም መልስ ልሞክር ነው የመጣሁት። ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ ዘመን ተሻጋሪ የምንለው መጽሐፍ ከየት እንደመጣ። ሁለተኛ፣ በማጠቃለያ የማይገኘው ነገር ምን እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር መጣላትም እንደሚቻል። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው። ሽፋን የለውም። ጠርዞቹ ተበልተዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። አንብባ ስትጨርስ ለእኔ ሰጠችኝ። ስለ መጽሐፉ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ሳስበው ሆን ብላ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ራስኮልኒኮቭ የሚባል ድሃ ወጣት አለ። ዩኒቨርሲቲ አቋርጧል። አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊት ይገድላል። ሳያስበው ድንገት የመጣችበትን እህቷንም ይገድላል። መጽሐፉ ስድስት ክፍል አለው። ግድያው የሚፈጸመው ገና በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ግብግብ ነው።

እኔ በየገጹ እፈርድበት ነበር። ይያዝ! ይታሰር! ምን ይጠብቃሉ? መጨረሻው አካባቢ ጥፋቱን ሊያምን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ደረጃውን ይወጣል። ይገባል። አፉ ግን አልከፈት ይለዋል። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ የምትወደው ልጅ ሶንያ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ታየዋለች።

ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ልገልጥ ስል የሚገለጥ የለም። የቀረው ተቀዷል።

ወደ እህቴ ሮጥኩ። «የቀረውስ?» አልኳት። «እኔም ያነበብኩት እስከዚያው ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ክርክር ተጀመረ። እኔ «ይሸሻል» እላለሁ። እሷ «ተመልሶ ይወጣል» ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ተመልሶ አይወጣም እላታለሁ። አንተ ሰውዬውን አላወቅከውም ትለኛለች። ይህ ለሰባት ዓመት ቀጠለ። ስንኮራረፍም፣ ስንታረቅም፣ እሷ ትዳር ይዛ ከቤት ስትወጣም አልተወንም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሙሉውን ቅጂ አገኘሁት። መቀመጫ መፈለግ እንኳ አልቻልኩም። መደርደሪያው ሥር እንደቆምኩ መጨረሻውን ገለጥኩ። ተመልሶ ወጣ። አመነ። ስምንት ዓመት የግዞት ሥራ ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ወረደ። ሶንያም ተከትላው ሄደች። እህቴ ልክ ነበረች።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ «ይያዝ!» እያልኩ ነበር ያነበብኩት። መደርደሪያው ሥር ቆሜ ሳነብ ግን «እባክህ ተናገር፤ ለራስህ ስትል ተናገር» እያልኩ ነበር። ወንጀሉ አልቀለለም። የሞቱት ሴቶች ሞተዋል። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድን ሰው በልቤ ይዤ ስዞር፣ ሳላውቀው ፍርዴ ተለውጧል። ከጉልበተኛ ፈራጅነት ወጥቼ ለሰውዬው የምጨነቅ ሰው ሆኛለሁ። ይህን ማን አስተማረኝ? ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ቶሎ እጨርሰዋለሁ።

ዘመን ተሻጋሪ መጽሐፍ ስንል ብዙዎቻችን መንግሥት ወይም ትምህርት ቤት የሾመው መጽሐፍ ይመስለናል። አይደለም። ሲወለድ ዘመን ተሻጋሪ የነበረ መጽሐፍ የለም። ጄን ኦስተን ዛሬ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የምንለውን ልብ ወለድ ቀደም ባለ መልኩ ጽፋ ስትጨርስ አባቷ እ.ኤ.አ. በ1797 ለአንድ አሳታሚ ጻፉ። አሳታሚው ረቂቁን ለማየት እንኳ ሳይፈልግ መለሰው። መጽሐፉ የታተመው በ1813 ነው። ቁጠሩት፤ አሥራ ስድስት ዓመት! ኸርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ»ን በ1851 አሳተመ። ገበያው ቀዘቀዘ። ደራሲው በ1891 ሲሞት አብዛኛው አንባቢ ረስቶታል። መጽሐፉ የተነሣው ከዚያ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነው። የናይጄሪያዊው ደራሲ የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» በ1958 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ ከ50 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

እነዚህን መጻሕፍት እዚህ ያደረሳቸው ማን ነው? አንባቢ ነው። አንዱ ለሌላው «እንካ፣ ይህን አንብብ» እያለ ነው ያሻገራቸው። ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ መጨረሻው ተቀዶ ነው የተሻገሩት። እህቴ ያንን መጽሐፍ ስትሰጠኝ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ልቤ ነገር ልምጣ።

አስተማሪ ነኝ። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ስለ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ጽሑፍ አስገባ። ያማረ ጽሑፍ ነው። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። ኦኮንክዎ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ እንዴት እንደወደቀ ሁሉም በቅደም ተከተል ተቀምጧል። አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ልጁን ጠራሁት።

«ኢኬሜፉናን ማን ገደለው?» አልኩት።

«ኦኮንክዎ» አለኝ ፈጠን ብሎ። ልክ ነው።

«ከገደለው በኋላ ምን ሆነ?»

ዝም አለ። ከዚያ በሐቀኝነት ነገረኝ። መጽሐፉን አላነበበውም። ስልኩ ላይ ያለውን ኤአይ ጠይቆ ነው። ሐቀኝነቱን ወደድኩለት። አልተቆጣሁም። አጠገቤ አስቀመጥኩትና ያንን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ላላነበባችሁት ልንገራችሁ። ኢኬሜፉና ከሌላ መንደር በካሳ የመጣ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት በኦኮንክዎ ቤት ኖረ። አባቴ ይለዋል። ኦኮንክዎም ይወደዋል፤ ግን መውደዱን ማሳየት ድክመት ይመስለዋል። አንድ ቀን ልጁ ይገደል የሚል ውሳኔ መጣ። አንድ ትልቅ ሽማግሌ ኦኮንክዎን «ልጁ አባቴ ይልሃል፤ በዚህ ነገር እጅህን አታስገባ» ብለው አስጠነቀቁት። እሱ ግን ሄደ። ልጁ ወደ ቤት የሚመለስ መስሎታል። መንገድ ላይ ስለ እናቱ ያስባል። በሕይወት ትኖር ይሆን? በልቡ የልጅነት ዘፈን ይዘፍናል። መጀመሪያ ሌላ ሰው መታው። ልጁ ወደ «አባቱ» ሮጠ። ኦኮንክዎም ፈሪ ተብሎ እንዳይታማ ፈራና የመጨረሻውን እሱ መታ። ከዚያ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

አንብቤ ስጨርስ ልጁ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጠላሁት። ግን አዘንኩለት ደግሞ። ሁለቱን በአንዴ እንዴት ነው የምጽፈው?»

እንዴት ነው የምጽፈው! እኔ ያንን ጥያቄ በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ካገኘኋቸው ስጦታዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ። መጽሐፉን ወሰደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ጽሑፍ አመጣ። የተዝረከረከ ነው። አንዱ አንቀጽ ከሌላው ጋር ይጋጫል። መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሯል። ብዙ ማርክ የሰጠሁት ለዚህኛው ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ማሽኑ ውሸት አልጻፈም። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልሱን አቼቤ ራሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። ኦኮንክዎ ራሱን ሰቅሏል። አንድ እንግሊዛዊ የአውራጃ አስተዳዳሪ ሬሳውን አየና ሄደ። ሲሄድ ስለሚጽፈው መጽሐፍ ያስባል። የዚህ ሰው ታሪክ ጥሩ ይወጣዋል ይላል። አንድ ምዕራፍ እንኳ ሊጻፍለት ይችላል። ከዚያ ያስተካክላል፤ ምዕራፍ ይበዛበታል፣ አንድ ደህና አንቀጽ ይበቃዋል። የመጽሐፉንም ርዕስ መርጧል። በታችኛው ኒጀር ያሉትን ያልሠለጠኑ ጎሳዎች ጸጥ ስለማሰኘት የሚል ነው። ልብ ወለዱ እዚያ ላይ ያልቃል።

አያችሁ? እኛ ይህን ሰው ሙሉ መጽሐፍ አብረነው ኖረናል። በአባቱ እንዴት እንደሚያፍር አውቀናል። ለሴት ልጁ ሲጨነቅ ሌሊት አብረነው ቆመናል። በክፋቱ ተናደናል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ «አንድ አንቀጽ ይበቃዋል» ይላል። አስተዳዳሪው አንቀጹን ቢጽፍ ኖሮ ምናልባት አንድም የተሳሳተ ነገር አይኖረው ይሆናል። ስሙ ልክ፣ ቀኑ ልክ፣ አሟሟቱ ልክ። ሰውዬው ግን በውስጡ የለም።

ለዚህ ነው ማጠቃለያ አንብባችሁ መጽሐፉን እንዳነበባችሁ አትቁጠሩ የምላችሁ። ማታለል ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማጠቃለያው የአስተዳዳሪው አንቀጽ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሁላችንም አስተዳዳሪው ሆነናል። አልሆንንም? ስልካችንን እንከፍታለን። አንድ ሰው ሲናገር የተቀረጸ አሥራ አምስት ሰከንድ እናያለን። ከዚያ እንፈርዳለን። ይህቺ ባለጌ ናት። ይሄ ጀዝባ ነው። ይቺ አስመሳይ ናት። ቀጣይ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ላይ እንፈርዳለን? አርባ? ሃምሳ? ከሃምሳው ስለ አንዱ እንኳ ከዚያ በፊት ምን እንደተፈጠረ አናውቅም። እናንተም ራሳችሁ አንድ ቀን በዚህ ፍርድ ሥር ልትወድቁ እንደምትችሉ ታውቃላችሁ። በክፍላችሁ ውስጥ ይህ የደረሰበት ልጅ አለ። እጃችሁን አውጡ አልልም። አለ።

እነዚህ አሮጌ ልብ ወለዶች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ቶሎ እንድትፈርዱ ያደርጓችኋል። ከዚያ ፍርዳችሁን ቀስ ብለው ከእጃችሁ ያስጥሏችኋል።

ወደ ጄን ኦስተን ልመለስ። ኤልሳቤጥ የምትባል ብልህ ልጅ አለች። ብልህነቷን ታውቀዋለች፤ ችግሯም እሱ ነው። ዳርሲ የሚባለውን ሰው ገና ስታየው ጠላችው። ኩራተኛ ነው። እሱም አጥፍቷል፤ ስለ እሷ የሚያስከፋ ነገር ሲናገር ሰምታዋለች። እኛም አብረናት እንጠላዋለን። ልክ መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ዳርሲ ደብዳቤ ይሰጣታል። መጀመሪያ በንዴት ታነበዋለች። ውሸቱን ነው ትላለች። ታጥፈዋለች። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ሳትቆይ መልሳ ትዘረጋዋለች። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ታነበዋለች። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ለመንገድ ትዞራለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሷን እንደማታውቅ የምትረዳው ያን ጊዜ ነው።

ይህ መጽሐፍ ያ አሳታሚ ሳያየው የመለሰው ጊዜ ሌላ ርዕስ ነበረው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመጀመሪያ ግምት» ማለት ነው። አንድን ሰው በመጀመሪያ እይታ ገምተን የምንዘጋውን መዝገብ እንደገና መክፈት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ለዛሬ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ጉዳይ አለ?

ሌላ ምሳሌ። «ፍራንከንስታይን»። ሜሪ ሼሊ መጻፍ ስትጀምር አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በ1818 ሲታተም ሃያ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ፤ ይህን አስቡት። ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል። ጭራቁን የሠራው ወጣት ሳይንቲስት ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም፤ ማንም ስም አላወጣለትም። መጽሐፉን ስታነቡ ከፍጡሩ በፊት የምትሰሙት የሠሪውን ቃል ነው። ትፈራላችሁ። ፍጡሩ ሕፃን ልጅ ገድሏል። ከዚያ መሃል ላይ ፍጡሩ ራሱ ይመጣል። ምን ብሎ ይለምናል? መጀመሪያ ስማኝ፣ ከሰማኸኝ በኋላ እንደፈለግህ ፍረድ ይላል። በሰዎች ሕግ ጥፋተኛ እንኳ ሳይናገር አይፈረድበትም ይላል።

ከዚያ ይናገራል፤ ለብዙ ምዕራፍ። በአንድ ቤተሰብ ግድግዳ ሥር ተደብቆ ቋንቋ እንዴት እንደተማረ ይነግረናል። ሌሊት ሌሊት እንጨት እየለቀመ ደጃቸው ላይ እንደሚያስቀምጥላቸው ይነግረናል። አንድ ቀን ደፍሮ ገባ። ቤት የነበሩት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በደግነት ያናገሩት እሳቸው ናቸው። ለምን? መልኩን አላዩማ! ልጃቸው መጣ። አየው። በዱላ ቀጠቀጠው።

እኔ ይህን ቦታ ለተማሪዎች ሳነብ ድምፄ ይሰበራል። በየዓመቱ። አልደብቅም።

ከራሳችን ቋንቋም አንድ ሰው ላንሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ነው፤ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ። ካሳ ዳምጤን ታስታውሳላችሁ። ማን ካሳ ዳምጤ ይለዋል? «ጉዱ ካሳ» ነው የሚሉት። በዙሪያው ያለው ሰው በአንዲት ቃል ጨርሶታል። ጉዱ! አለቀ። ደራሲው ግን ቁጭ አድርገው ያናግሩናል። ያ «እብድ» የሚባለው ሰው ከሁሉም በላይ ነገር የገባው መሆኑን ቀስ በቀስ እናያለን። አንዲት የስድብ ቃል፣ በሌላ ወገን ብዙ መቶ ገጽ። ሰውን ከቅጽል ስሙ ለማውጣት ይህን ያህል ወረቀት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ደግ ይሆናል» ሲባል ትሰማላችሁ። እንዲያ ብዬ አልሸነግላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ጥሩ ልብ ወለድ ትንሽ ያነበቡ ሰዎች የሌላውን ስሜት በመለየት ፈተና ላይ የተሻለ ውጤት አመጡ ይላል። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ያንን ውጤት አላገኙትም። ብዙ አንብበው ክፉ የሆኑ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ መጽሐፉ መድኃኒት አይደለም። ውጠኸው አይሠራም። ልምምድ ነው። ሩጫ የሚለማመድ ሰው እግሩ ይጠነክራል፤ ወዴት እንደሚሮጥበት ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። መምህራን፣ ይህ ለእኛም ነው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልብ ወለድ የተማርነው ከሰሌዳ በመገልበጥ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ዋና ገጸ ባሕርይ፣ እገሌ። መቼት፣ እዚህና በዚህ ጊዜ። ጭብጥ፣ ይህ። እኛ እንገለብጣለን። ፈተና ላይ እንደወረደ እንመልሳለን። አንድ ጊዜ እጄን አውጥቼ «ይህ ገጸ ባሕርይ እኔን ልክ አልመሰለኝም» አልኩ። «አስተያየትህን ማን ጠየቀህ?» ተባልኩ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጄን አላወጣሁም። ያ መጽሐፍ ግሩም ነበር። እኔ ግን ለዓመታት መልሼ ልነካው አልቻልኩም።

ዘመን ተሻጋሪ ማለት የማይነካ ማለት አይደለም! ዛሬ አቼቤን ደጋግሜ አንስቻለሁ። እሱ እንዴት ጸሐፊ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ «ሚስተር ጆንሰን» የሚባል ልብ ወለድ አስተማሯቸው። ጆይስ ኬሪ የተባለ እንግሊዝ ይኖር የነበረ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመው ነው። ስለ ናይጄሪያ ይናገራል። በጊዜው ትልቅ ሥራ ነው ተብሎ ተወድሷል። ናይጄሪያውያኑ ተማሪዎች ግን አመፁ። አንደኛው ልጅ ተነስቶ፣ ከመጽሐፉ ደስ ያለኝ ጀግናው በጥይት የሚመታበት ቦታ ብቻ ነው አለ። አቼቤ ይህን በኋላ ራሱ ጽፎታል። ያ ክፍል ውስጥ የተነሣው ቁጣ እሱን ወደ ብዕር ከመሩት ነገሮች አንዱ ነው። አያችሁ፣ «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተጸነሰው ከመጽሐፍ ጋር በተጣላ ተማሪ ልብ ውስጥ ነው። ለመጣላት ግን መጀመሪያ አንብቦታል። ሙሉውን።

ስለዚህ ተጣሉ! ኅዳጉ ላይ «አይደለም!» ብላችሁ ጻፉ። መጽሐፉ የሰው ከሆነ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሴትን የሚያሳንስ፣ ጥቁርን የሚንቅ፣ ድሃን የሚረግጥ ነገር ታገኛላችሁ። አትለፉት። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ፣ እጁን ያወጣውን ልጅ አታስቀምጡት።

አሁን «እሺ፣ ጊዜስ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ነው። በቀን ሃያ ገጽ አንብቡ። አምስት መቶ ገጽ በሃያ አምስት ቀን ያልቃል። በአጭሩ ጀምሩ፤ «ፍራንከንስታይን» አጭር ነው፣ «ቲንግስ ፎል አፓርት»ም አጭር ነው። የመጀመሪያው ሠላሳ ገጽ ይከብዳል፤ ስሞቹ ይምታታሉ። ወረቀት ላይ ማን የማን እንደሆነ ጻፉ። እኔ እስከዛሬ እንዲያ ነው የማደርገው። የቪክቶር ሁጎን «ምንዱባን» ሙሉውን ለማንበብ የሚነሳ ካለ፣ ደራሲው ታሪኩን አቁሞ ስለ ዋተርሎ ጦርነት ብዙ ምዕራፍ ይጽፋል። ቢያታክታችሁ እለፉትና በኋላ ተመለሱበት። ለአንድ ዳቦ አምስት ዓመት ተፈርዶበት፣ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር እየተጨመረበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታሰረውን ዣን ቫልዣንን ግን አትተዉት። ተፈትቶ ማደሪያ ሲለምን በእስረኛነት ወረቀቱ ምክንያት በር የሚዘጉበትን ሌሊት አትለፉት።

ከቻላችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አታንብቡ። ከእህት፣ ከወንድም፣ ከጓደኛ ጋር አንብቡ። የምትጨቃጨቁበት ሰው ያስፈልጋችኋል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ብቻ። ልጃችሁ ልብ ወለድ ይዞ ስታዩት «ትምህርትህን አጥና» አትበሉት። እያጠና ነው።

ሰዓቴ እንዳለቀ ምልክት እየተሰጠኝ ነው። አመሰግናለሁ፣ አበቃለሁ። መውጫው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከቤቴ ያመጣኋቸው ጥቂት መጻሕፍት አሉ። የወደዳችሁትን ውሰዱ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው ስጡት። ከመሃላቸው ሽፋን የሌለው አንድ አለ። እህቴ ዛሬ ጠዋት ነው የሰጠችኝ። ያ ራሱ ነው። ለተማሪዎች ይሁን ብላኛለች። የመጨረሻ ገጾቹ አሁንም የሉም። ሁለት ሆናችሁ ብትወስዱት ጥሩ ነው።